ታች ያሉትን ሳንጠራ

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ዓሣ ስለ ማጥመድ ነው፤ ከባሕር ዳር ልጆች ውስጥ ዓሣ ያላጠመደ ማን አለ? በዚያ ዘመን ወንድም ያልተወሰደበትስ ቤት የት አለ? ከእኛ የባሰ የደረሰባቸው ሰዎች በሰፈራችን ብቻ ብዙ ናቸው፤ አንዳቸውም ሲጽፉ አላየሁም። እኔ ደግሞ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ነበርሁ ያየሁትን እንጂ የሆነውን ሁሉ አላውቅም። ቢሆንም ጀምሬዋለሁና የማስታውሰውን ሳልጨምር ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

ያስጀመረኝ ሽታ ነው። ባለፈው ኅዳር በምማርበት በፔዳ ኮሌጅ፣ በሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍለ ጊዜ፣ መምህራችን ልዩ ልዩ የዛፍ ፍሬዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው አንዱን በሙቀጫ እየወቀጡ “ይህን የሚያውቅ አለ?” ብለው ጠየቁ። ፍሬው ገና ሳይደቅ ሽታው እኔ ዘንድ ደረሰ፤ ጥሬ ባቄላ የሚመስል፣ ኋላ ግን ጉሮሮ የሚከረክር መራራ ሽታ። እጄን አወጣሁና “ብርብራ ነው፤ ዓሣ ያሰክራል” አልሁ። መምህሩ ደስ ብሏቸው “በጣም ጥሩ፣ ተቀመጭ” አሉኝ። ተቀመጥሁ። የቀረውን ትምህርት ግን አልሰማሁም።

በ1979 ዓ.ም. ክረምት የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። እናቴ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ ትሸጣለች። ወንድሜ ሙላት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት እየጠበቀ ነበር፤ እኔ አያ ሙላት እለዋለሁ። በዚያ ክረምት ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት ስለ አፈሳ ነበር። ቀበሌውና ወታደሩ ሆነው ወጣት ወንዶችን ከመንገድና ከገበያ እየሰበሰቡ ወደ ጦር ሜዳ ይልካሉ ማለት ነው። ከሰፈራችን መጀመሪያ የተወሰዱት ኳስ ሜዳ ላይ የተገኙት ስለ ነበሩ፣ እኔ ኳስ የሚጫወቱትን ብቻ የሚወስዱ መሰለኝ። የአያ ሙላትን ኳስ ከአልጋ ሥር፣ ከጆንያ ኋላ ደበቅሁበት። ፈልጎ ሲያጣ ዝም አልሁ፤ ያዳንሁት መስሎኝ ልቤ ኩራት ተሰምቶት ነበር።

አጎቴ ፈንታ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው የቅኔ ተማሪ ነበሩ፤ ትምህርቱን ትተው ጣና ላይ ዓሣ አጥማጅ ሆኑ። እናቴ ይህን ትታላቸው አታውቅም።

“ጴጥሮስም እኮ አጥማጅ ነበር” ይሏታል።

“እሱስ መረቡን ጥሎ ነው ጌታን የተከተለ፤ እርስዎ ጌታን ጥለው ነው መረቡን የተከተሉት” ትላቸዋለች።

ቡሄ እንዳለፈ አጎቴ መጡና ከእናቴ ጋር ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ እናቴ በሶ፣ ጨው፣ አንድ ድስትና ላስቲክ ማዘጋጀት ጀመረች። “አያ ሙላትና አጎትሽ ገልዳ ወንዝ ሊሰነብቱ ነው። ነጩ ዓሣ ወደ ወንዝ የሚወጣበት ወቅት ነው” አለችኝ። እኔም ልሂድ ብዬ አለቀስሁ። ብዙም ሳላለቅስ “እሽ” አለች። በሕይወቴ በለቅሶ ያሸነፍሁት ያን ቀን ብቻ ስለ ነበር ገረመኝ። ጎረምሳ ከሽማግሌ ጋር ለብቻው ሲታይ እንደሚጠየቅ፣ ሕፃን ያለችበት ጉዞ ግን የቤተሰብ እንደሚመስል እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

የዓባይ ድልድይ ላይ ወታደር ስለሚቆም በዚያ አልሄድንም። በአጎቴ የደንገል ታንኳ፣ በሐይቁ ዳር ዳር ሄድን። ጠዋት ነበር፤ ውኃው እንደ ወተት ነጭ ነበር። ነፋስ ሲመጣ ታንኳው እንደ እርጥብ ፍራሽ ይወዛወዛል፤ ከሥር የሚገባው ውኃም ቀሚሴን እስከ ወገቤ አርሶታል።

“ጋሼ፣ እየሰመጥን ነው” አለ አያ ሙላት።

“ታንኳ ነው እንጂ አውቶቡስ አይደለም። ውኃ ይገባል፣ ውኃ ይወጣል።”

“የሚወጣውን አላየሁትም።”

“አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው እንዲህ ይፈራል?”

“መዋኘት ፈተና ላይ አልመጣም፣ ጋሼ።”

አጎቴ ሳቁ። መቅዘፋቸውን ግን አላቆሙም፤ ከዳር ሰው በታየ ቁጥርም ወደ ደንገሉ ውስጥ ይጠጉ ነበር። እኔ ይህን ለጥላው መስሎኝ ነበር።

የሰፈርነው ገልዳ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት ቦታ ወደ ላይ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት፣ ከአንድ ሾላ ሥር ነው። አጎቴ ደንገል ቆርጠው ጎጆ ሠሩ፤ ላስቲኩን ከላይ አለበስነው። መሬቱ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። የምንተኛው ሣር ላይ ነው፤ ጠዋት ስንነሳ ትንኝ ፊታችንን አሳብጦት እርስ በርሳችን እንሳሳቃለን።

አጎቴ ሕግ አወጡ። ቀን ቀን እሳት አይነድም፤ ዓሣ ጭስ አይወድም። መዝፈንና መጮህ አይቻልም፤ ዓሣ ይሰማል። የከብት ቃጭል ወይም የሰው ድምፅ ከተሰማ አያ ሙላት ደንገል ውስጥ ይገባል፤ ሰው ከጠየቀኝ እኔና አጎቴ ብቻ ነን። የመጨረሻው ሕግ ከዓሣ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም፤ ግን ድብብቆሽ ስለሚመስል ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነበር። አንዳንዴ ሰው ሳይኖር “ቃጭል ሰማሁ” ብዬ አስሮጠው ነበር። ጭቃ ለብሶ ሲመለስ አይቆጣኝም። እኔ ስስቅ አብሮኝ ይስቃል፤ ግን ጉልበቱን አቅፎ ይቀመጣል። የበረደው መስሎኝ ነጠላዬን እሰጠዋለሁ።

ማጥመድ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እሱም ከአጎቴ የተማረው በዚያው ሰሞን ነበር። የናይለኑን ክር በሌባ ጣቴ ላይ ጠምጥሞ “መጀመሪያ ሲነካሽ አትጎትች። መቅመሱ ነው። ሁለተኛ ሲይዘው ያን ጊዜ ነው” ይለኛል። መንጠቆው ላይ የምድር ትል እንሰካለን። ነጩ ዓሣ ወንዙን ሽቅብ የሚወጣው እንቁላል ለመጣል ነው፤ ሐይቁ ውስጥ ሰነፍ የሆነው ሁሉ ወንዝ ሲገባ ይበረታል፤ ክሩ ጣቴን እስኪቆርጠው ይስበኛል። ያጠመድነውን አጎቴ ሆዱን ቀደው፣ በጨው አሽተው፣ ገመድ ላይ ያሰጡታል። ቅርፊቱ ክንዴ ላይ ደርቆ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ሳየው አምባር ያደረግሁ እየመሰለኝ አላጥበውም ነበር።

አንድ ቀን ከጎጇችን በላይ ካለ ዛፍ ሥር እንደ ባቄላ በረጅም ሽፋን ውስጥ ያሉ ፍሬዎች ለቅሜ መጣሁ።

“ይህ ብርብራ ነው” አሉ አጎቴ። “ወቅጠሽ ውኃ ውስጥ ብትነክሪው ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። በእጅሽ ትለቅሚዋለሽ።”

“ታዲያ ለምን በመንጠቆ እንለፋለን?” አለ አያ ሙላት።

“ብርብራ የሚጥል ሰው አስቀድሞ ታች ያሉትን ይጠራል። ሰክሮ የሚወርደውን የሚለቅሙት እነሱ ናቸው። ከብት የሚያጠጣም ከብቱን ያስመልሳል። የወንዝ ሥርዓቱ ይህ ነው።”

“ካልጠራስ?” አልሁ እኔ።

“ካልጠራማ ሌባ ነው” አሉና ፍሬውን ከእጄ ተቀብለው ወደ ቁጥቋጦው ጣሉት። “እኛ ደግሞ ማንንም መጥራት አንችልም።”

መስከረም ሊገባ ሲል ዝናቡ በረታ። ወንዙ ደፈረሰ፤ ቡናማ ሆነ፤ ግንድና ሣር ይዞ ይወርዳል። መንጠቆ መጣል ከንቱ ሆነ። ገመድ ላይ የነበረው ዓሣ ተልቶ ጣልነው። በሶው አለቀ። ከዚያ አጎቴን ወባ ጣላቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲንቀጠቀጡ የጎጆው ደንገል አብሯቸው ይንሿሿል። በትኩሳት መሃል በግዕዝ ይናገራሉ፤ እኔ የሚጸልዩ መስሎኝ ዝም ብዬ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አያ ሙላት ግን ግንባራቸውን እየዳሰሰ “የሚበላ ካላገኙ አይነሱም” አለ።

ጎርፉ ከወንዙ ጎን ትቶት የሄደ ኩሬ ነበር። ከወንዙ ጋር የሚያገናኘው ጠባብ ቦይ ብቻ ነው፤ ውስጡ የቀሩ ዓሦች ጀርባቸው ይታያል። አያ ሙላት ኩሬውን ከብዙ ቦታ እየዞረ ሲያየው ቆየና ድንጋይ ማመላለስ ጀመረ። ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ደፈነው፤ በእግሩ ረገጠው፤ ደግሞ ጭቃ ጨመረበት።

“ታች ያሉትን አንጠራም?” አልሁት።

“ተደፍኗል። ከዚህ ወደ ታች አይወርድም፤ ሌባም አንሆንም” አለኝ።

ከዚያው ዛፍ ሥር ብርብራ ለቅሞ አመጣና ድንጋይ ላይ ወቀጠው። እኔ አስነጠሰኝ፤ እሱም አስነጠሰው፤ በአፋችን ሸማ አሰርን። ዱቄቱን በጆንያ ቋጥሮ ኩሬው ውስጥ ገብቶ እንደ ልብስ ሲያሸው ውኃው ነጭ አረፋ አወጣ። ትንሽ ጠበቅን። መጀመሪያ ትንንሾቹ ወጡ፤ አየር የሚጠጡ ይመስል አፋቸውን ይከፍታሉ። ከዚያ ትልልቆቹ እየተንገዳገዱ ወጡ፣ በጎናቸው ተኙ፣ ሆዳቸው እያበራ። ቀሚሴን ሰብስቤ እየለቀምሁ እሞላ ነበር። አንዱ ከእቅፌ አምልጦ ሲወድቅ አያ ሙላት “ይህ ሰካራም ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው” አለ። እየሳቅሁ ኩሬው ውስጥ ወደቅሁ። በዚያ ክረምት ሁሉ እንደዚያ የሳቅንበት ቀን የለም፤ ሕጉን ረስተን ጮኸናል።

ዝናቡ እኛ ጋ አልነበረም። ከላይ፣ ከተራራው ነው የዘነበው። ዓሣውን ተሸክመን ወደ ጎጆው ስንመለስ ከኋላችን ወንዙ ድምፁን ቀየረ። ዞር ስንል ድንጋዩም ጭቃውም የለም። የኩሬው ውኃ ነጭ መንገድ ሠርቶ ቡናማው ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ያልለቀምናቸው ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። በጣም ብዙ ነበሩ። እኔ ያማሩ መስሎኝ እጄን አወዛወዝሁላቸው።

አጎቴ ድምፃችንን ሰምተው ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጥተው ነበር። ዛፉን ደግፈው ቆሙ።

“ታች ጠራህ?” አሉ።

“እንዴት እጠራለሁ ጋሼ? ደፍኜው ነበር።”

“እንግዲህ ውኃው ራሱ ነግሮልሃል” አሉና ተቀመጡ። “ሂድ። አሁኑኑ በእርሻው መሃል ወደ ዘንዘልማ ውጣ” አሉት።

“እርስዎንስ?”

“እኔን ምን ያደርጉኛል? ሽማግሌ ነኝ።”

“ቆመው መራመድ አልቻሉም። ይህችን ልጅ ማን ያያታል? ጅብ አለ፣ ወንዙ እየሞላ ነው። ትኩሳቱ ይልቀቅዎትና ነገ አብረን በታንኳ እንሄዳለን።”

“ሙላት፣ እኔ የምለውን ስማ።”

“ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ይብሉ።”

ዓሣውን በጨው ቀቀለው፤ መረቁን በጣሳ እያቀዘቀዘ አጠጣቸው። ለእኔ እሾሁን እየለቀመ አጎረሰኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ አላስታውስም። አጎቴ ግን እየጠጡ እንባቸው ይወርድ ነበር፤ ትኩሳቱ ነው ብዬ አሰብሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሰዎች ቅርጫትና ጣሳ ይዘው በወንዙ ዳር መጡ። ሴቶች ይበዛሉ፤ ሕፃናትም አሉ፤ እየተሳሳቁ ነበር የሚመጡት። አያ ሙላት ለአጎቴ ውኃ እየቀዳ ስለ ነበር ደንገሉ ጋ ሳይደርስ አዩት። ከሴቶቹ አንዷ፣ ወገቧን በመቀነት አጥብቃ ያሰረች፣ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች።

“እናንተ ናችሁ? ከዚህ እስከ ሐይቁ ድረስ ዓሣ ነጭ በነጭ ሆኖ አደረ። እኛ ሰው አይደለንም? አይጠራም?”

“ይቅርታ እትዬ፣ ሳናስበው ነው የወጣ” አለ አያ ሙላት።

“ሳናስበው ይላል። እኔ ሳላስበው ቅርጫት ሙሉ ለቀምሁ፤ በል ይሁንልህ” አለች፤ ሴቶቹም ሳቁ።

ከኋላቸው ጠመንጃ ያነገተ ሰው ነበር፤ የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ። ሌሎቹ አያ ዘለቀ ይሉታል። እሱም በእጁ ቅርጫት ይዟል። አያ ሙላትን ሲያይ ቅርጫቱን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

“የማን ልጅ ነህ?”

“የእኒህ የእህት ልጅ ነኝ። ዓሣ እያጠመድን ነው።”

“ዕድሜህ?”

“አሥራ አምስት።”

“ጢሙ ብቻውን አሥራ አምስት ይሆነዋል” አለች አንዷ። የሳቀ ግን አልነበረም። ሁሉም ጠመንጃውን እያዩ ነበር።

አጎቴ በጉልበታቸው ከጎጆው ወጡ። “አያ ዘለቀ፣ በእግዚአብሔር። እናቱ ባል የላትም። ሌላ ወንድ ልጅ የላትም።”

“አባቴ ይነሱ፣ ለእኔ አይንበርከኩ” አለ ሰውየው። ድምፁ የቁጣ አልነበረም። “ከመንደራችሁ ልጅ አምጡ ተብለናል። ሌሎቹ ሄደዋል። የቀረው የእኔ ነው፤ ከትናንት ወዲያ እናቱ ደብቃዋለች፣ እኔም የት እንደ ደበቀችው አልጠየቅሁም። ዛሬ ዓሣ ልለቅም ብቻ ነው የወጣሁ።” ከዚያ በኋላ አጎቴን አላያቸውም፤ ወንዙን እያየ ነበር የሚናገር። “አንድ ሰው ካስረከብሁ የእኔን አይጠይቁኝም።”

ዓሣ የምናሰጣበትን ገመድ ፈትቶ የአያ ሙላትን እጅ ወደ ኋላ አሰረው። አያ ሙላት አልታገለም። ጠመንጃው እኔና አጎቴ አጠገብ ስለ ነበር ይመስለኛል።

እኔ የገባኝ ይህ ነበር፤ ታች ያሉትን ባለመጥራታችን ሊቀጡት ነው። አጎቴ ካልጠራ ሌባ ነው ብለዋል፤ ሌባ ደግሞ ይታሰራል። እናም ወደ ጎጆው ሮጥሁ፤ ከትናንቱ የተረፈውን ዓሣ ሁሉ በድስት ይዤ መጥቼ ታጣቂው እግር ሥር አስቀመጥሁት።

“የእናንተን ዓሣ መልሰናል። አንድም አላስቀረንም” አልሁት።

ሰውየው ድስቱን አየው። መቀነቷን ያጠበቀችው ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። “ለእናትሽ ውሰጅላት” አለኝ ሰውየው። ትልልቁን መርጬ ከላይ አድርጌ እንደ ገና አቀረብሁለት፤ ያነሰበት መስሎኝ ነበር።

“ስንዱ፣ ተይው” አለ አያ ሙላት። “ጋሼን ውኃ አጠጭ። ማታ ማታ ጋቢውን አልብሻቸው። ወንዙ ዳር ብቻሽን እንዳትሄጅ።”

“ቅጣቱ ሲያልቅ በየት በኩል ትመጣለህ?” አልሁት።

ሰውየው በክንዱ ያዘውና ሄዱ። በወንዙ ዳር ወደ ታች ሲወርዱ ሰዎቹ ሁሉ መንገድ ለቀቁላቸው። ቅርጫቱን ማንም አላነሳለትም፤ እዚያው ቀረ።

ያች ሴት ከእኛ ጋር ቆየች። ለአጎቴ የእንጨት ሥር ቀቅላ አጠጣች፣ ከቤቷ እንጀራ አመጣች። ትኩሳቱ ሲለቃቸው ታንኳውን ገፍታ ወደ ውኃው አስገባችልን። ስሟን አልጠየቅናትም።

እናቴ ሐይቁ ዳር ስትጠብቀን አገኘናት። ታንኳው ላይ ያለነውን አየች፤ ደግማ አየች። እኔ ቀድሜ ሮጬ “ታች ያሉትን ስላልጠራን ነው። ቅጣቱን ሲጨርስ ይመጣል” አልኋት። ጭንቅላቴን ይዛ ሆዷ ላይ ለጠፈችኝ፤ እስኪያፍነኝ ድረስ። ትምህርት ቤት ሲከፈትም ወንድሜ በዓሣ ምክንያት መታሰሩን ለጓደኞቼ ተናገርሁ። አንዷ “ጅል፣ ጦር ሜዳ ነው ያለው፤ የእኔም አለ” አለችኝ። አላመንኋትም፤ ተጣላን። እስከ ገና ድረስ ሳላምን ቆየሁ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሲመጡ እናቴ እጃቸውን ታስታጥባለች፣ ምግብ ታቀርባለች፤ ስለ ጴጥሮስ ግን የሚያነሳ የለም።

ጦርነቱ ሲያበቃ የተበተኑት ወታደሮች በእግራቸው በሰፈራችን ያልፉ ጀመር። ጫማቸው ያለቀ፣ ዓይናቸው የገባ ነበሩ። እናቴ ገበያ መሄዷን ትታ ደጃፍ ላይ ውኃ ይዛ ትቆማለች፤ ለሚያልፈው ሁሉ ታጠጣለች፤ የሙላትን ስም እየጠራች ትጠይቃለች። አብዛኞቹ አናውቅም ብለው ያልፋሉ።

አንድ ቀን ግን አንዱ ሳይጠየቅ በራችን ላይ ቆመ። የእናቴን ስም ጠርቶ “እዚህ ነው ቤታቸው?” አለ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። እናቴ ትንሽ አየችው።

“ግባ ልጄ” አለች።

“እማማ፣ እኔ የመጣሁት…”

“ግባ። መጀመሪያ ብላ።”

ቤት ውስጥ የነበረውን ሁሉ አቀረበችለት። እንደ ተራበ ያስታውቃል፤ ግን እያፈረ ይበላል። ሊናገር ቀና ባለ ቁጥር ትጨምርለታለች። “ብላ፣ መንገደኛ ነህ” ትለዋለች። “ይህችን ብቻ” ትለዋለች። እኔን ጎረቤት ሽሮ እንድለምን ሰደደችኝ፤ ስመለስ አሁንም እያጎረሰችው ነበር። በመጨረሻ ሰውየው እጁን በሳህኑ ላይ አድርጎ “እማማ፣ ከዚህ በላይ አልችልም” አለ። እናቴ ሳህኑን ከፊቱ አነሳች፣ እጁን አስታጠበችው፣ ውኃውን ደፋች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች።

“እሽ፤ አሁን ንገረኝ” አለችው።

ሐምሌ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. ነበር።